ያቺን ጉብታ ወድጄ

ፊዚክስ የማውቅ ሰው እመስላለሁ። ለመምሰሉ ብዙ ደክሜበታለሁ። ስብሰባ ላይ ግንባሬን ቋጠር አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ሰው ግራፍ ሲያሳይ ዓይኔን አጥብቤ አንገቴን ዘንበል አደርጋለሁ፤ ያልገባኝ ነገር ሲነሳ ደግሞ «እሱማ የታወቀ ነው» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ አሻግራለሁ። ዶክትሬቴን የሠራሁት ጀርመን ውስጥ ነው። ሥራዬ በስስ የብረት ፊልሞች ውስጥ የሚነሳውን የማግኔት ሬዞናንስ በኤሌክትሪክ መለካት ነበር። ሠርግ ላይም ሆነ ክርስትና ላይ ይህን ስናገር የሰማ ሁሉ ዝም ይላል፤ እኔም ዝምታውን አድናቆት ነው እያልኩ ስወስደው ኖሬያለሁ። አንዲት አክስቴ ብቻ «ታዲያ ልጄ፣ ተለክቶ ምን ይሆናል?» ብለው ጠይቀውኝ፣ «ገና ነው እትዬ፣ ብዙ ይቀረዋል» ብዬ ዶሮ ወጡን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩት።

ለእሳቸው ያልመለስኩትን እዚህ ልመልሰው። ነገሩ ካልገባ ጥፋቴም አይገባም፤ ጥፋቴ ደግሞ ማንንም እንዲያመልጠው አልፈልግም።

ፐርማሎይ የሚባል ቅይጥ አለ። ከአምስት እጁ አራቱ ኒኬል፣ አንዱ ብረት ነው። ይህን ቅይጥ አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ በአንዲት የሲሊከን ቁራጭ ላይ 10 ናኖሜትር ያህል ብቻ እንዲወፍር አድርጎ ማልበስ ይቻላል። የራስ ፀጉር ከዚህ ብዙ ሺህ ጊዜ ይወፍራል። ይህን ያህል የሳሳ ቢሆንም ማግኔት ነው፤ በውስጡ ያሉት የኤሌክትሮን ስፒኖች (ጥቃቅን ማግኔቶች በሏቸው) አንድ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ከውጭ ማግኔታዊ መስክ ተደርጎበት ትንሽ ሲገፋ ቀጥ ብሎ ወደ ቦታው አይመለስም። ሊወድቅ እንደተቃረበ እንዝርት ዘንጉ ክብ እየሠራ ይንገዳገዳል። ፍጥነቱ ግን ሌላ ነው፤ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ዙር ይዞራል። በዚያው ምት የሚመታ ማይክሮዌቭ ሲላክበት መንገዳገዱ ይብሳል። ሬዞናንስ የምንለው ይህንን ነው።

ግሪፊትስ የተባለ ፊዚሲስት በ1946 ኦክስፎርድ ውስጥ ይህን ያየው ብረቱ ከማይክሮዌቩ ምን ያህሉን እንደዋጠ በመለካት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ፊልሙ በጣም ሲሳሳና ሲጠብ ግን የሚውጠው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ስለዚህ በሌላ በኩል ይመጣበታል። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን በ1850ዎቹ እንዳየው፣ በብረትና በኒኬል ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የሚገጥመው ሬዚስታንስ ማግኔቱ ወዴት እንደዞረ አይቶ ከፍና ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከመቶ ጥቂት እጅ ቢሆን ነው። ግን ይበቃል። ማግኔቱ ሲንገዳገድ ሬዚስታንሱም አብሮ ይወዛወዛል። ማይክሮዌቩ ደግሞ በፊልሙ ውስጥ በዚያው ምት ወዲያና ወዲህ የሚል ከረንት ያስነሳል። ከረንቱ ወደፊት በሄደ ቁጥር ሬዚስታንሱ ከፍ፣ ወደኋላ በመጣ ቁጥር ዝቅ የሚል ከሆነ፣ የሄደውና የመጣው አይጣፉም። ትንሽ ትርፍ ይቀራል። ይህ ትርፍ አቅጣጫው የማይቀያየር፣ በተራ ገመድ ተስቦ የሚለካ ቮልቴጅ ነው፤ መጠኑ በማይክሮቮልት ይቆጠራል። አንድ ማይክሮቮልት የቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

የማግኔቱን መስክ ቀስ እያሉ ሲጨምሩ ቮልቴጁ ሬዞናንሱ ላይ ብቅ ይላል፤ ሬዞናንሱ ሲታለፍ ይጠፋል። ግራፍ ላይ ጉብታ ይሠራል። ዕድሜዬን የበላችው ያቺ ጉብታ ናት።

መጀመሪያ ነገር ላገኛት አልቻልኩም። የማይክሮዌቭ ጄኔሬተሬ 9.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነበር። ነጻ ኤሌክትሮን በአንድ ቴስላ መስክ ውስጥ 28 ጊጋኸርዝ ያህል እንደሚዞር ከድሮ ትምህርቴ አስታውሳለሁ። አካፈልኩት፣ 0.336 ቴስላ ሰጠኝ፤ በስሌቴ ፍጥነት ራሴን አደነቅኩና ማግኔቱን በዚያ ሰፈር ዙሪያ ማመላለስ ጀመርኩ። ምንም የለም። ገመዱን ቀየርኩ። ጄኔሬተሩን ጠረጠርኩ። ከእኔ በፊት በመሣሪያው የሠራውን ልጅ በሆዴ ሰደብኩት። ምሽት ላይ ሕንጻው ጭር ሲል ማግኔቱን በእጄ መዳፍ መታ መታ ያደረግኩበትም ጊዜ አለ፤ ለቴሌቪዥን ይሠራ የነበረው ዘዴ ለምን እዚህ አይሠራም ብዬ።

ፊልሙ ራሱ ማግኔት መሆኑን ረስቼ ነበር። የፐርማሎይ የራሱ ማግኔትነት 1 ቴስላ ገደማ ነው፤ ይህ ኃይል ደግሞ የቁሱን ቅርጽ እያየ ስፒኖቹን ይረዳቸዋል ወይም ይጫናቸዋል። የውጭው መስክ በፊልሙ ገጽ ላይ ሲተኛ ሬዞናንሱ 0.1 ቴስላ አካባቢ ይገኛል፤ ገጹን ቀጥ ብሎ ሲወጋው ደግሞ ከ1.3 ቴስላ በላይ ይጠይቃል። እኔ ሁለቱም በሌሉበት፣ መሃል ሜዳ ላይ ቆሜ ነበር የምጠብቃት። ግሪፊትስም ሬዞናንሱን ካልጠበቀበት ቦታ ሲያገኘው ግራ ገብቶት ነበር፤ ምክንያቱን ከቅርጹ ጋር አያይዞ የፈታው ቻርልስ ኪትል ነው፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ። ልዩነታችን ግሪፊትስ አግኝቶ ግራ መጋባቱ፣ እኔ ሳላገኝ እርግጠኛ መሆኔ ነው። የኪትል የጠጣር ነገሮች ፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ እኮ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የኮምፒውተሬን ስክሪን ከፍ ለማድረግ ከሥሩ አስገብቼው።

ትክክለኛውን መስክ ካወቅኩ በኋላም ጉብታዋ አልመጣችም። ይሄኛው ጥፋት ከሥርዓታማነቴ የመጣ ስለሆነ ትንሽ እኮራበታለሁ። ናሙናውን የማስቀምጠው በማስመሪያ ነበር። የፊልሙ ሰቅ ከማግኔቱ መስክ ጋር ፍጹም ትይዩ እስኪሆን በጉልበቴ ተንበርክኬ በአንድ ዓይን አያለሁ፤ እንደ ጥሩ አናጢ። ቶምሰን ያየው የሬዚስታንስ ለውጥ ግን በከረንቱና በማግኔቱ መካከል ካለው ማዕዘን ጋር የሚሄድ ነው። ሁለቱ ፍጹም ትይዩ ሲሆኑ ሬዚስታንሱ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ጫፍ ላይ ያለ ነገር ደግሞ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ቢል የሚታይ ለውጥ አይመጣበትም። ባስተካከልኩ ቁጥር ምልክቱን እያጠፋሁት ነበር ማለት ነው። ጉብታዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት አንድ ቀን ባለ ሁለት ገጹ ፕላስተር ለቆ ናሙናው ጠመም ሲልብኝ ነው። እኔ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ስክሪኑ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ለአማካሪዬ ግን «ማዕዘኑን ሆን ብዬ ቀየርኩት» አልኳቸው።

አማካሪዬን በስማቸው ብቻ እንድጠራቸው ከመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል። እዚያ ልማዱ ነው። አፌ እሺ አለ፤ ሆዴ ግን እስከ መጨረሻው «አንቱ» እንዳላቸው ቀረ። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንቱ የሚሉትን ሰው «አልገባኝም» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያደገበት ያውቀዋል። ለዝምታዬ ሁሉ አስተዳደጌን ምክንያት ሳደርግ ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እኩዮቼንም አልጠየቅኩም።

ስለ እጄም ልናገር። ከፊልሙ ቮልቴጁን የሚያወጡት ሽቦዎች የወርቅ ናቸው፤ 25 ማይክሮሜትር የሚወፍሩ፣ በባዶ ዓይን የብርሃን ጭረት የሚመስሉ። በማይክሮስኮፕ እያዩ የመሣሪያውን ጫፍ ሽቦው ላይ ያሳርፉታል፤ መሣሪያው በአልትራሳውንድ ንዝረት ሽቦውን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ከፍ፣ ትንሽ ወደኋላ፣ እንደገና ዝቅ። ቢበዛ የሩብ ደቂቃ ሥራ ነው፣ እጅ ካልተንቀጠቀጠ። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቤቴ ውስጥ አቦልና ቶናውን ጠጥቼ፣ በረካውን በጠርሙስ ይዤ ነበር የምገባው። በማይክሮስኮፑ ውስጥ የእጄ መንቀጥቀጥ ተባዝቶ ሲታየኝ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመስላል። ቡናውን ከመተው ይልቅ ጠረጴዛው ይነቃነቃል ብዬ ለጥገና ክፍል አመለከትኩ። ሰዎቹ መጡ፣ በመሣሪያ ለኩ፣ ጠረጴዛው ደህና ነው ብለው አንዱ የያዝኩትን ጠርሙስ አይቶ ሄደ። ክረምት ላይ ደግሞ የሱፍ ሹራቤን ለብሼ ሽቦ ነካሁና በሰውነቴ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ አንዲት ጠባብ ሰቅ አቃጠለብኝ። ያንን በማስታወሻዬ ላይ «ናሙናው በዕድሜ ምክንያት ተበላሸ» ብዬ ጻፍኩ። ናሙናው ከተሠራ ሳምንትም አልሞላውም ነበር።

እነዚህ ሁሉ የእጅና የዓይን ጥፋቶች ናቸው። ሰው ይስቅባቸዋል፣ ያልፋሉ። ያላለፈው የልቤ ነው።

ፐርማሎዩ ላይ ስስ ፕላቲነም ሲደረብ ሌላ ነገር ይመጣል። ዘርኮቭንያክ፣ ብራታስና ባወር በ2002 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ የሚንገዳገድ ማግኔት አጠገቡ ወዳለው ብረት ስፒን ይገፋል፤ እንደ ፓምፕ። ፕላቲነም ከባድ አተም ስለሆነ ወደ ላይ የሚያየውን ስፒን ወደ አንድ ጎን፣ ወደ ታች የሚያየውን ወደ ሌላው ጎን ያጣምማል። ይህን የማጣመም ነገር ዲያኮኖቭና ፔሬል የተባሉ የሶቪየት ፊዚሲስቶች በ1971 አስቀድመው ተንብየውት ነበር። የተገፋው ስፒን ፕላቲነሙ ውስጥ ሲጣመም ቮልቴጅ ይወልዳል። በ2006 ኤይጂ ሳይቶህና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ይህን በፕላቲነምና በፐርማሎይ ድርብ ላይ አሳዩ፤ ከዚያ በኋላ ዓለሙ ሁሉ ፕላቲነም መደረብ ጀመረ። እኔም ተሰለፍኩ። ፋሽን ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። በስፒን የሚሠራ የኮምፒውተር ማስታወሻ ከዚህ ይወጣል እየተባለ ገንዘቡም ይመጣል፣ ጉባኤውም ይጠራል።

እንግዲህ አንዲት ሰቅ ላይ ሁለት የቮልቴጅ ምንጮች አሉ። አንዱ የቀድሞው፣ ከረንትና ሬዚስታንስ አብረው ሲወዛወዙ የሚተርፈው። ሌላው አዲሱ፣ ከፕላቲነሙ የሚወጣው። ሁለቱም ሬዞናንሱ ላይ ነው ብቅ የሚሉት። ሁለቱም በማይክሮቮልት ነው የሚቆጠሩት። ቮልትሜትሩ ደግሞ ማን እንደላከው አይጠይቅም፤ የመጣውን ደምሮ ያሳያል። አንዱ የታወቀ፣ አሮጌ፣ ማንም የማይጋብዝበት ነገር ነው። ሌላው ጋዜጣ ላይ የሚያወጣ ነው። ማይክሮቮልቶቼ የየትኛው እንዲሆኑ እንደፈለግኩ መናገር ያስፈልገኛል?

ደግሞ መለያ ደንብ ነበረኝ፤ ከማን እንደሰማሁት ረስቼዋለሁ፣ ግን እንደ ጸሎት እደግመው ነበር። ጉብታው ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ከፕላቲነሙ የመጣ ነው፤ ግማሹ ጉብታ ግማሹ ጎድጓዳ ከሆነ አሮጌው ነው። የእኔዋ ግራና ቀኟ እኩል ነበረች! ቁልቁለቷ ልከኛ፣ ጫፏ ለስላሳ። ስልኬ ላይ የጀርባ ሥዕል አድርጌአት ነበር። ባልደረቦቼ የልጆቻቸውን ፎቶ ሲያሳዩኝ እኔ እሷን አሳይ ነበር።

ደንቡ ስህተት ነው። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን በእኔ ላይ ስህተት ነበር። የአሮጌው ቮልቴጅ ቅርጽ የሚወሰነው ከረንቱና የማይክሮዌቩ ማግኔታዊ መስክ ስንት እርምጃ እንደሚቀዳደሙ አይቶ ነው። መንገዳገዱ ራሱ ሬዞናንሱ ላይ ሲደርስ ከገፊው በሩብ ዙር ወደኋላ ይቀራል። ከረንቱም በሩብ ዙር የዘገየ እንደሆነ ሁለቱ ይገጥሙና አሮጌው ምንጭ ራሱ ግራና ቀኙ እኩል የሆነች ቆንጆ ጉብታ ያወጣል። የመዘግየቱን ልክ የሚወስነው ገመዱ፣ ናሙናው የተቀመጠበት ሰሌዳ፣ የሽቦዎቹ መታጠፍ፣ የፍሪኩዌንሲው ምርጫ ነው፤ ከተፈጥሮ ጥልቅ ምስጢር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ካናዳ ማኒቶባ ውስጥ የካን-ሚንግ ሁ ቡድን ይህን በ2011 በዝርዝር ጽፎታል። ሳይቶህም ቢሆን ናሙናውን የማይክሮዌቩ ኤሌክትሪክ መስክ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ ላይ ነበር ያስቀመጠው፤ አሮጌው ከረንት እንዳይነሳ። እኔ ያንን የመሰለ ቦታ ማዘጋጀት ዳገት ሆኖብኝ ናሙናዬን ማይክሮዌቩ በሚያልፍበት የመዳብ መስመር ላይ ለጥፌው ነበር፤ ከረንቱ እንደ ልቡ እንዲሄድ።

አላውቅም ነበር ብል ደህና ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እንጂ አውቅ ነበር። ፕላቲነም የሌለበት፣ ፐርማሎይ ብቻ የሆነ ፊልም ነበረኝ፤ አማካሪዬ «ለማነጻጸሪያ» ብለው አብረው ያሠሩልኝ። አንድ ቀን ለካሁት። ፕላቲነም ስለሌለበት ምንም ወይም ያቺን ጎደሎ ቅርጽ ብቻ እጠብቅ ነበር። እኩል የሆነ ጉብታ ወጣ። የእኔዋ እህት በሏት፤ ትንሽ አጠር ያለች፣ ግን አፍንጫዋ አንድ ነው። ቁጭ ብዬ አየኋት። «ኮንታክቱ መጥፎ ነው» አልኩ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይኖር። ፋይሉን «ቆሻሻ» የሚል ፎልደር ፈጥሬ እዚያ ከተትኩት። ፎልደሩን የፈጠርኩት ለዚያ ለአንዱ ፋይል ነበር።

የቮልቴጁ ምልክትም አንድ ሰሞን ተቃራኒ መጥቶብኝ ያውቃል። የፕላቲነምና የታንታለም ስፒን ማጣመም አቅጣጫው ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ ቮልቴጁ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጋቲቭ የሚለው ነገር በዚህ ሥራ ቀልድ አይደለም። የእኔ ጉብታ ተገልብጣ ጉድጓድ ሆና መጣች። ቀዩንና ጥቁሩን ገመድ አየሁ። የትኛው በየትኛው በኩል መሰካት እንዳለበት የጻፍኩት ነገር አልነበረም። ገለበጥኳቸው፤ ጉብታ ሆነች። «አሁን ትክክል ነው» አልኩ። በምን ትክክል እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር የሚባለው፣ ከጫጫታው መካከል የእኛን ምት ብቻ ለይቶ የሚሰማው መሣሪያም ፌዙን (የምቱን መቅደምና መዘግየት) በራሱ የሚያስተካክልበት ቁልፍ አለው፤ ያንን ቁልፍ ጉብታዋ ረዘም እስክትል ስጫን እውል ነበር። ቁልፉ ላይ ያለው ጽሑፍ ከጣቴ ብዛት ደብዝዟል።

ከጉብታዋ ከፍታ ተነስቶ ፕላቲነም ስፒንን ምን ያህል እንደሚያጣምም የሚያሳይ ቁጥር ይሰላል። ይህ ቁጥር በሊቃውንቱም ዘንድ ሰላም አልነበረውም። በአሜሪካ የአርጎን ላብራቶሪ ሰዎች በ2010 1.3 በመቶ ሲሉ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2011 በሌላ ዘዴ 7.6 በመቶ አለ። ለአንድ ብረት! ይህ ሌላውን ሰው ያስጨንቀው ይሆናል፤ እኔ ግን በጣም ነበር የተመቸኝ። የፈለግኩትን ባወጣ አንድ ትልቅ ስም ከጎኔ ይቆማል ማለት ነው። ስሌቱ ውስጥ የማስገባውን የመስክ ክልል ትንሽ ሳጠበው ቁጥሩ ይወጣል፤ ሳሰፋው ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ደህና ሰፈር ላይ ሲያርፍልኝ ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ምሽት ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ይኼ ነው የሚያሳፍረኝ።

ከዚያ ጉባኤ መጣ። ጉብታዋን በትልቅ ስክሪን አየኋት፤ በሦስት ሜትር ስፋት ይበልጥ ታምራለች። ንግግሬን ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንድ ሸበቶ ሰው እጃቸውን አወጡ። «እንኳን ደስ አለዎት» ብለው ጀመሩ፤ እንዲህ ተብሎ የሚጀምር ጥያቄ በደህና እንደማያልቅ ከጊዜ በኋላ ነው ያወቅኩት። «ፕላቲነም የሌለበትን ፊልም ለክተዋል?»

እዚያ ላይ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ሦስተኛ ፈጠርኩ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩ። ስላይዶቼን ወደኋላ መለስኩ፣ አንድ ጊዜ ወደፊት፣ እንደገና ወደኋላ። ስለ ቅርጹ ደንብ ጸሎቴን ደገምኩ። ሰውየው በትዕግሥት ሰምተውኝ «ዩሬችኬ ይህን በ1960 ጽፎታል፤ በ1963 ደግሞ ከኢጋን ጋር በኒኬል ፊልም ላይ አሳይቶታል። ያኔ ፕላቲነም አላስፈለጋቸውም» ብለው ተቀመጡ።

የሚያስቀው እኔ ዩሬችኬን በጽሑፌ መጨረሻ ጠቅሼዋለሁ። ሦስተኛ ተራ ቁጥር ላይ። አንብቤው ግን አላውቅም፤ ከሌላ ሰው ዝርዝር ላይ የመጀመሪያ ስሙን ፊደል ሳይቀር እንዳለ ነው የገለበጥኩት። ዩሬችኬ ብሩክሊን ፖሊቴክኒክ ውስጥ፣ ስፒን ፓምፕ የሚባል ሐሳብ ከመወለዱ አርባ ዓመት በፊት፣ በስስ ፊልም ውስጥ ሬዞናንስ ቮልቴጅ እንደሚያወጣ ከኤሌክትሮማግኔቲክ እኩልታዎች ተነስቶ አውጥቶታል። በዚያው ሳምንት ሆቴል አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አነበብኩት። ጽሑፉ ይከብዳል፤ ግን ከባድ መሆኑን ለማወቅ ያህል እንኳ ቀደም ብዬ ብገልጠው ኖሮ።

ተመልሼ የሚደረገውን አደረግኩ። ማዕዘኑን ሙሉ ዙር አዞርኩ፤ ሁለቱ ምንጮች ከማዕዘኑ ጋር የሚለዋወጡበት መንገድ ስለሚለያይ በዚህ በኩል መለየት ይቻላል። የማግኔቱን አቅጣጫ ገለበጥኩ። የማይክሮዌቩን ኃይል ቀነስኩ፤ ምክንያቱም ናሙናው ሲሞቅ አንዱ ኮንታክት ከሌላው ይበልጥ ይግልና የሙቀት ልዩነቱ ራሱ ሌላ ቮልቴጅ ያመጣል፤ እኔ ደግሞ ጉብታዋ ትደግልኝ ብዬ ኃይሉን ጫፍ ላይ አድርሼው ነበር። ከጉብታዬ አብዛኛው የአሮጌው ሆኖ ተገኘ። ከፕላቲነሙ የመጣችው ድርሻ ነበረች፣ ግን ትንሽ።

ይህን በዶክትሬት ጽሑፌ ውስጥ በሐቀኝነት አስገብቻለሁ። በግርጌ ማስታወሻ። ከሁሉም የግርጌ ማስታወሻዎች በአነስተኛው ፊደል፣ የሚቀጥለው ምዕራፍ ሊጀምር ግማሽ ገጽ ባዶ የሆነበት ቦታ ላይ፣ ሰው ገልብጦ በሚያልፍበት። ፈታኞቼ ገልብጠው አለፉ። መመረቂያዬ ላይ ደግሞ ጉብታዋ ኬኩ ላይ በክሬም ተስላ ነበር፤ ልጆቹ ሊያስደስቱኝ ብለው። እኩል እኩል አድርጌ ቆረስኳት።

ዘንድሮ አንዲት የአገሬ ልጅ ቤተ ሙከራችን አዲስ ገብታ እኔ በጀመርኩት ሥራ ላይ ተመደበች። ጎበዝ ናት፤ ከመጣች ጀምሮ ያስፈራችኝ ለዚህ ነው። ጽሑፌን ከዳር እስከ ዳር አንብባ፣ በእርሳስ አስምራበት፣ በሬ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ የግርጌ ማስታወሻው ላይ ያለው የፐርማሎይ ብቻ ዳታ ይገኝ ይሆን?»

«ይገኛል እንጂ» አልኳት በታላቅ ወንድም ድምፅ። «ነገ አዘጋጅቼ እሰጥሻለሁ።» ማዘጋጀት ያልኩት ማታ ቁጭ ብዬ የፎልደሩን ስም መቀየር ነበር። ብዙ አሰብኩበት። «ማነጻጸሪያ» ትንሽ ልል መሰለኝ፤ «መሠረታዊ የማነጻጸሪያ ልኬቶች» አልኩት፣ ብዙ ቁጥር ላይ አድርጌ፣ አንድ ፋይል ቢሆንም። በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት። አመሰገነችኝ። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፕዋን ይዛ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው የድሮ ቅጂ በዚያው ቀን የተለካ ነው፣ ፋይሉም አንድ ይመስላል። ፎልደሩ ግን «ቆሻሻ» ነው የሚለው። የትኛውን ልጠቀም?»

«የሰርቨሩን ውሰጂ» አልኳት።